ስለ ኃይለኛው የፋይበር ሌዘር
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ የመስታወት ክር እንዴት ብረት ለመቊረጥ እንደሚያበቃ ነው። ብዙዎቻችን ሥራውን እናደንቃለን፤ አሠራሩን ግን እንደ ምትሐት ቈጥረን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ምትሐት የለበትም።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. አልበርት አይንስታይን፣ ብርሃን ኃይል ያዘለ አቶም ሲያገኝ እርሱኑ የሚመስል ሌላ ብርሃን እንደሚያስፈልቅ አስረዳ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። በ1961 ደግሞ ኤልያስ ስኒትዘር የመስታወት ክር ለሌዘር እንዲውል ሐሳብ አቀረበ።

ክሩ ድርብርብ ነው። በመካከሉ ኢተርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ቀጭን እምብርት አለ፤ ዙሪያውን ሰፋ ያለ መስታወት፣ ከዚያም በላይ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ይከበዋል። ብዙ ዳዮዶች 976 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ወደ ሰፊው መስታወት ይልካሉ። ይህም ብርሃን በክሩ ውስጥ ሲጓዝ እምብርቱን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ ኢተርቢየሙም ይጠጣዋል፤ በምትኩ 1,070 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ይሰጣል። በክሩ ሁለት ጫፎች ላይ የተቀረጹት አንጸባራቂዎች ይህን አዲስ ብርሃን ያመላልሱታል፤ ሲመላለስ ይበዛል፤ ከዚያም በአንደኛው ጫፍ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የወጣው ብርሃን ከገባው ያንሳል፤ ከ100 እጅ ቢያንስ 9 ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክሩ ረዥምና ቀጭን ስለ ሆነ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣለታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። ዳሩ ግን የዳዮዶቹ ብርሃን ቢያብርም የተበታተነ ስለ ሆነ በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ሊያርፍ አይችልም። እምብርቱ ሥርዓት ሲያስይዘው ነው ብረት የሚያቀልጠው።

በ2004 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ክር 1.36 ኪሎዋት አወጡ። ዛሬ ከ10 ኪሎዋት በላይ የሚሰጡ መሣሪያዎች በፋብሪካ ይሠራሉ። ብርሃናቸው አይታይም፤ ዓይንን ግን ያጠፋል። ስለዚህ አሠራሩን ሳያውቁ አጠገቡ መቆም አደጋ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር መሣሪያው ታሽጎ ይገባል፤ ሲበላሽም ታሽጎ ይመለሳል። እንግዲህ በውጭ አገር የምንማረውም በአገር ቤት ያላችሁትም «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ብርሃኑ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ብለን እንጠይቅ። መግዛት ማወቅ አይደለምና።