የእጃችንን ዋጋ እንቁጠር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ሒሳብ አያያዝ እንድናገር ጠይቃኛለች። እኔ ግን የምናገረው ስለ ዳቦ ቆሎ፣ ስለ ጭኮና ስለ ቅቤ ነው። ከተዘዋዋሪ ብድራችን የሚወስዱ ብዙዎቹ አባላት ገንዘቡን የሚያውሉት በዚሁ ላይ ነውና። ብድሩ በወቅቱ ይመለሳል፤ ልንኮራበት ይገባል። ነገር ግን «ብድሩን ከመለስሽ በኋላ እጅሽ ላይ ምን ቀረ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሩን የወሰድኩት ለስሌት እንዲቀል እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደለም። ለ50 ከረጢት ዳቦ ቆሎ፦ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር 400 ብር፣ ከሰልና መብራት 60 ብር፣ ከረጢትና ትራንስፖርት 40 ብር፤ ጠቅላላ 500 ብር። አንዱን በ12 ብር ብንሸጥ 600 ብር እናገኛለን። «100 ብር አተረፍኩ» እንላለን። ማሸቱ፣ መቁረጡ፣ መቁላቱና ማሸጉ 6 ሰዓት ከፈጀ ግን ለአንድ ሰዓት ድካማችን ያገኘነው 17 ብር እንኳ አይሞላም። ሰዓቱን በ50 ብር ብናስበው ወጪው 800 ብር ይሆናል። አንዱ ከረጢት 16 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ ትርፍ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው።

ውጭ ስንበላ ይህን ሁሉ ሳናጉረመርም እንከፍላለን። ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ ብናዝዝ ሒሳቡ ውስጥ የወጥ ሠሪዋ ደመወዝና የቤት ኪራይ አለበት፤ ቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ ይታከልበታል። ሽሮው ያው ሽሮ ነው። በቤታችን ግን ያማሰለችው ሴት ድካም የትም አይጻፍም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወቅት ነው። የሁዳዴ 55 ቀን ጾም ሲገባ የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል። ሾላ ገበያ ቅርባችን ስለሆነ በጾሙ መካከል ገዝቶ፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ቅቤ ውኃ ስላለው ሲነጠር ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የጭኮ ዋጋ የሚሰላው ከተነጠረ በኋላ በሚመዘነው ነው።

የበዓላቱንም ቀን አስቀድመን እንያዝ። ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል ከገና ጾም 3 ቀን ቀድሞ ስለሚውል፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፣ የቅቤ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይሸጣል። ሰኔ 12 ግን ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሚውል የዘይቱን ማዘጋጀት ነው። ጥር 12 ታቦቱ ሲመለስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ፈላጊው ብዙ ነው። የረመዳን ሳምቡሳ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እንደሚመጣ አስባችሁ ብድሩን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

«ዋጋ ከጨመርን ደንበኛ ይሸሻል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አንዷ ብቻዋን ብትጨምር ይሸሻል። ደንበኛው የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ ከጎኗ ወደ ተቀመጠችው አባላችን ነው። እርስ በርሳችን ዋጋ እየሰበርን የምንሸጠው የራሳችንን ጉልበት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ በጋራ እንድንወስን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ለዚያም እያንዳንዷ ተበዳሪ በደብተሯ አራት መስመር ትጻፍ፦ ጥሬ ዕቃ፣ ማገዶ፣ ከረጢትና ትራንስፖርት፣ የሠራችበት ሰዓት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ ካልሆነም ለእኔ ንገሩኝ፣ እጽፍላችኋለሁ። ለደጋፊዎቻችንም ስንት ብድር እንደተመለሰ ብቻ ሳይሆን፣ ለአንዲት አባል በሰዓት ስንት እንደቀረላት ሪፖርት ማድረግ እንጀምር።