ሁለት ቋንቋ ማወቅና መተርጐም
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ሆኜ ሳለሁ ስለ ትርጕም ትምህርት መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ወደዚህ ትምህርት የመራኝ የገዛ ስሕተቴ ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሕንፃ ሥራ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። ጽሑፉ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ለ7 ቀን «ኪዩሪንግ» እንዲደረግለት ያዝዛል። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ «7 ቀን ይድረቅ» ብዬ ጻፍሁ። ሶሌታው በፀሐይና በነፋስ ደረቀ፤ በሳምንቱም ፊቱ በስንጥቅ ተሞላ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት እንጂ በመድረቅ አለመሆኑን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ስተረጕም ግን ቃሉን እንጂ ሥራውን አላሰብሁም። አንድ አረጋዊ ግንበኛ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ልጄ፥ እኛስ ጆንያ አልብሰን ውኃ እናጠጣው ነበር፤ ወረቀቱ ይድረቅ ስላለ ተውነው» አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሥራ በካናዳ ስኖር፥ ማታ ማታ የትርጕም ሰርቲፊኬት ትምህርት ተከታተልሁ። በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለው ሰርቲፊኬት ብዙውን ጊዜ 30 ክሬዲት፥ ይኸውም የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ያህል ነው። የምንለማመደው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነበር። አማርኛ ከቶ ባልተነሣበት ክፍል ተቀምጬ አማርኛዬን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርሁ።

ትምህርቱ ቋንቋ አይሰጥም፤ ልማድ ግን ይሰጣል። ከመተርጐም በፊት ጽሑፉ ለማን፥ ለምን ሥራ እንደ ተጻፈ መጠየቅን፥ የሙያ ቃልን ከመፍጠር አስቀድሞ ሙያተኛው ምን ብሎ እንደሚጠራው መመርመርን፥ ትርጕሙንም በሌላ ሰው ዓይን ማሳረምን ያስተምራል። ከሁሉ በላይ፥ የምናውቀውን ቃል መጠርጠርን ያስለምዳል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ታሪካችን ይመሰክራል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲሰጥ፥ በኢጣልያንኛው ግዴታ ይጥል ነበር። ይህ ልዩነት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። እኛም በየዕለቱ በምንፈርመው የሥራ ውል ውስጥ «ይችላል»ና «አለበት» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ በሌላው ቢተካ ገንዘብ ይጠፋል፥ የሰው ሕይወትም ለአደጋ ይጋለጣል።

በእርግጥ አንድ ሰርቲፊኬት የበቃ ተርጓሚ አያደርግም፤ እኔም ነኝ አልልም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ «እንግሊዝኛ ያውቃል» እየተባለ መመሪያ እንዲተረጕም የሚታዘዘው ወጣት መሐንዲስ ብዙ ነው። ለእርሱ የአንድ ዓመት የማታ ትምህርት ከንቱ ወጪ አይሆንም። ማኅበራችንም አባላቱን ለዚህ ትምህርት ቢያበረታታ፥ በግንበኛው፥ በአናጢውና በብረት ሠራተኛው አፍ ያሉትንም ቃላት ቢያሰባስብ፥ ለሙያችን ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ያ ሶሌታ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሁለተኛውን መመሪያ ስጽፍ በመጀመሪያ ያነበብሁት ለእኒያ ግንበኛ ነበር።