ከገደሉ አፋፍ፦ መንዝን፣ ግሼንና መርሐ ቤቴን ከላይ ስለማየት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «የድሮን ፎቶዎችህን ይዘህ ና፣ እንዴት እንዳነሣሃቸውም ንገረን» ነበር ያሉኝ። ፎቶዎቹን መግቢያው ግድግዳ ላይ አይታችኋል። በሻይ ሰዓት ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ግን የድሮኑን ዋጋ ነው። እሱን ነጋዴ ይመልስላችሁ። እኔ ልናገር የመጣሁት ፎቶው ከተነሣ በኋላ ለማን ይሰጣል ስለሚለው ጉዳይ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ስለ አገሩና ስለ ማንሣቱ ጥቂት ማለቴ አይቀርም።

ከእነዚያ በግድግዳው ላይ ካሉት ሰፋፊ ፎቶዎች ግማሾቹ በድሮን የተነሡ አይደሉም። በእግሬ ቆሜ ያነሣኋቸው ናቸው። እስካሁን ለይቶ የነገረኝ ሰው የለም፤ ሊለይም አይችልም። መንዝ ያደጋችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አገሩ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ሄዶ ሄዶ ድንገት ያልቃል። ጓሳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው ከፍታ፣ በምሥራቁ አፋፍ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ይፋትን ያያል። ሸዋ ሮቢት ወደ 2,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ጀማና ወንጪት መሬቱን ቆርጠው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ መርሐ ቤቴም በእነሱ ሸለቆ ተከቦ ለብቻው ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ባለ አገር አፋፉ ራሱ ድሮን ነው። ፓኖራማ ማንሣት ለሚጀምር ወጣት የምመክረውም ይህንን ነው፤ መጀመሪያ በእግርህ አፋፉን ዙር፣ ድሮኑ የሚያስፈልግህ አፋፉ ሊያሳይህ ያልቻለውን ለማየት ብቻ ነው። ለምሳሌ የገደሉን ፊት ከውጭ ለማየት፣ ወይም የእርከኑንና የጓሳውን ሣር አቀማመጥ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ለማየት።

የማንሣቱን ነገር ባጭሩ ልበል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው። በ3,500 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ክንፎቹ በፍጥነት መዞር አለባቸው፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ማቪክ ሚኒ የሚባለው ትንሹ ድሮን አምራቹ የፈቀደለት የበረራ ጣሪያ 3,000 ሜትር ነው። እንግዲህ ጓሳ ላይ እሱ ገና መሬት ላይ እንደተቀመጠ ከጣሪያው በላይ ነው! ስትገዙ ይህን አንብቡ። ሌላው ከፍታ የሚለካው ከተነሣበት ቦታ መሆኑ ነው። ከአፋፉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ የወጣ ድሮን መቆጣጠሪያው ላይ «50 ሜትር» እያለ ከሥሩ ያለው አየር ግን ሌላ ነው። ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስ ረፋዱ ላይ ይበረታል፣ ጧት ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ጉም አፋፉን ይሸፍናል። በሁለቱ መካከል የምታገኙት ሰዓት አጭር ነው።

ፓኖራማው ራሱ ከባድ አይደለም። ካሜራውን አንድ ቦታ አቁማችሁ እያዞራችሁ ታነሣላችሁ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ሲሶ ያህል ይደራረብ። የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ ሰማዩ በየፎቶው እየተለዋወጠ ሲሰፋ እንደ ተጣፈ ነጠላ ይሆናል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ካሜራውን ትንሽ ካነቃነቀ የቅርቡ ድንጋይ ከሩቁ ተራራ ጋር አልገጥም ይላል፤ አየር ላይ ግን ቅርብ የሚባል ነገር ስለሌለ ነፋሱ ትንሽ ቢገፋውም ስፌቱ ይይዛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አገራችንን ከላይ ሲያዩ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1934 ዋልተር ሚተልሆልዘር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አብራሪ ለንጉሠ ነገሥቱ የተገዛውን ፎከር አውሮፕላን ከዙሪክ አዲስ አበባ ድረስ እያበረረ አመጣ። በመንገዱ ያነሣቸው ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በዓመቱ ጣሊያን መጣ። ለጦርነቱና ለወረራው ካርታ ሲባል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተነሡት የአየር ፎቶዎች ለረጅም ዘመን ተረስተው ከኖሩ በኋላ አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ምድር ቤት ውስጥ ተገኙ። 8,281 ሰሌዳዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ ተለጥፏል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ ያዘነበሉ፣ አራተኛው እስከ አድማስ ድረስ የሚያይ። አራቱም በአንድ ቅጽበት የተነሡ ናቸው። ከዛሬው ድሮን ሰማንያ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ፓኖራማ ማለት ነው! ግን አሳቡ ምን ነበር? የሚታየው ገበሬ ያንን ፎቶ መቼም ያየዋል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ይሁንና እነዚያው ፎቶዎች ዛሬ ለሌላ ሥራ ዋሉ። የመቀሌና የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰሌዳዎቹ ላይ የመሬቱንና የደኑን ለውጥ ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ በፊትም እነዚሁ ተመራማሪዎች እንግሊዞች በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ያነሧቸውን ፎቶዎች ይዘው ወደዚያው ቦታ ሄደው እንደገና አንሥተው ነበር። «አገሩ ድሮ ደን ለብሶ ነበር፣ አሁን ተራቆተ» ሲባል ላደገ ሰው ውጤቱ ያስደንቃል። ባነጻጸሯቸው ቦታዎች በአብዛኛው ዛሬ ያለው የዕፅዋት ሽፋን ከዚያን ጊዜው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ነገር የተናገረው ፎቶው ስላማረ አይደለም፤ የተነሣበት ቦታ ስለታወቀ ነው። ስለዚህ ፓኖራማ ስታነሡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን ጻፉ። ያለዚያ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሌላው ደግሞ ሰዉ ነው። ፎቶዎቹን ያነሣሁት በ2010 እና በ2012 ዓ.ም. በፈቃድ ነው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ከወረቀቱ ሌላ ግን የቀበሌውን፣ የደብሩን አስተዳዳሪና የአገር ሽማግሌዎችን አስፈቅጃለሁ። ጓሳ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ ማን ይገባል የሚለውን ሲወስን የኖረ ሕዝብ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም በ2004 ዓ.ም. ክልሉ ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አውቆለታል። ሣሩን ያለ ፈቃድ ማጨድ ከተከለከለ መልኩን ያለ ፈቃድ መውሰድ ለምን ይፈቀዳል?

ዛሬስ? ዛሬ አላበርም። ምክንያቱን በዚህ አዳራሽ መዘርዘር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ከሰማይ እንዲያ ያለ ድምፅ የሰማ ሕፃን «ይሄኛው እኮ ካሜራ ነው» ተብሎ አይጽናናም። የእኔ ፓኖራማ የአንዲት እናት ልብ የሚመታበትን ያህል አይከብድም። ሰላም ሲሆን፣ ሰዉም ደስ ሲለው ይነሣል። እስከዚያው አፋፉ አለ፣ እግርም አለ።

የተነሡትንስ ምን አደረግን? በ2012 አንዱን ፓኖራማ በትልቅ ሸራ አሳትመን ጌራ ምድር ላይ በአንድ ሰንበቴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። የጠበቅሁት አድናቆት ነበር። የመጣው ግን ክርክር ነው። አንድ አባት በዘንጋቸው እየነኩ «ይቺን ማን ነው ያስቀራት?» አሉኝ።

«የቷን አባቴ?»

«ምንጯን። እዚህ ጥግ ላይ ቆርጠሃታል። ስሟን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። የአገሪቱ 1:50,000 ካርታም አያውቃትም። ከዚያ እያንዳንዱ ቀረበና ስም መጥራት ጀመረ፤ የገደሉ ጥርስ ስም አለው፣ የግጦሹ ስም አለው፣ በክረምት ብቻ የሚወርደው ፏፏቴ ስም አለው፣ እረኞች ባና ለብሰው የሚጠለሉበት ዋሻ ስም አለው። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሸንተረር ስም ተጣሉና ሳይስማሙ ተለያዩ፤ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። በዚያ ከሰዓት ብቻ ከአርባ በላይ ስም በእርሳስ ሸራው ላይ ሰፈረ። ፎቶው ዋጋ ያገኘው ያኔ ነው፤ እኔ አነሣሁት፣ እነሱ ጻፉት።

እንግዲህ ለማጋራት የምከተለውን ልንገራችሁ። አፋፉንና ሸለቆውን የሚያሳየውን ለሁሉም እሰጣለሁ። ግቢና ጎተራ፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ የሚታይበትን ለባለቤቶቹ ብቻ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ያለበትን ፎቶ ከነቦታው ቁጥር ለማንም አልሰጥም፤ ስልክና ድሮን የቦታውን መለኪያ በፎቶው ውስጥ ደብቀው እንደሚይዙ አትርሱ፣ ከመላካችሁ በፊት አጥፉት። ጭላዳ መንጋ አናት ላይም አይበረርም። ቁልቁል የተነሡትን፣ የየመንደሩን አቀማመጥ የሚያሳዩትን ግን ለጊዜው ዘግቻቸዋለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ሳይንስን ትደብቃለህ» ይሉኛል። ይበሉ።

ለጂኦግራፊ ትምህርት ክፍላችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በስም የተሞላው ሸራ ፎቶ ኮፒ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ፣ ከንግግሬ በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ አስረክባለሁ። ለግሼ ራቤልና ለዓለም ከተማ ግን ገና አልተሠራም። ሸራውን እኔ አሳትማለሁ። የምፈልገው እርሳስ ይዘው አብረውኝ የሚወጡ፣ ከሽማግሌ ጋር ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣችሁና እናት አባታችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ከቤታችሁ በላይ ያለው ገደል ማን እንደሚባል ጠይቁልኝ።