ከመርዙ በፊት ምርመራው፦ የከተማ ዳርቻ ቤቶችና ምስጥ



ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከአንድ ማድ ቤት ግድግዳ የተነቀለ ነው። ላዩን ስትመለከቱት ደኅና ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። አሁን በካቻቢቴ እጀታ ላንኳኳው። ድምፁን ሰማችሁ? ይህኛው ጎን የእንጨት ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ በኩል ያለው ግን ባዶ ነው። ስንሰነጥቀው ያገኘነው ስስ ልጣጭና በውስጡ የታጨቀ አፈር ነበር። ቤቱ የእኔ ነው። ስለ ነፍሳት ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር የኖረ ሰው ማድ ቤቱን ምስጥ ሲበላው አላየም፤ ባለቤቴም ይህን ቁም ነገር እንግዳ በመጣ ቁጥር ከማንሣት አትቦዝንም።

ያን ጊዜ የሠራሁት ስሕተት ብዙዎቻችን የምንሠራው ነው። ጊዜ የለኝም ብዬ መርጫ በጀርባው ያዘለ ሰው አስጠራሁ። ሰውየው አንድም ቦታ ሳያንኳኳና ሳይቆፍር ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ረጨልኝ፤ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀበትም። ቤቱ ለሳምንት ያህል ሸተተን። በተከታዩ ክረምት ምስጡ በሌላው ማዕዘን፣ በዕቃ ቤቱ በኩል ወጣ። መርዙ የፈሰሰው ምስጡ በሌለበት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ምስጥን የሚያሸንፈው ፍለጋው ነው፤ ያለ ፍለጋ የሚረጭ መርዝ የሚጎዳው ከምስጡ ይልቅ ቤተሰቡን ነው።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የእኛን አገር ምስጥ አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ስለ ምስጥ የሚጻፈው አብዛኛው መመሪያ በሌሎች ወገኖች ላይ የተመሠረተ ነው። በወለጋም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዳርቻ ኩይሳ የሚያቆመው ማክሮተርምስ የተባለው ወገን ግን ገበሬ ነው። የሰበሰበውን እንጨት፣ ሣርና ገለባ ወደ ጎጆው ወስዶ ፈንገስ ያበቅልበታል፤ ክረምት ሲገባ ኩይሳ ላይ የሚፈላው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው። እንግዲህ ቤታችን ለእርሱ እንጨት የሚለቅምበት ማሳ ነው። መኖሪያው ከጎረቤት ግቢ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ወይም ከአጥሩ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኞቹ ከዚያ ተነሥተው በመሬት ውስጥ በቆፈሩት መንገድ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ይጓዛሉ። ግድግዳ ላይ ያየነውን ብንገድል የገደልነው የዕለቱን ለቃሚ ነው። ኩይሳ ሳይሠሩ ከመሬት በታች ብቻ የሚኖሩ እንደ ማይክሮተርምስ ያሉ ወገኖችም ስላሉ፣ በአካባቢው ኩይሳ አለመታየቱ ዋስትና አይሆንም።

የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ለምን በተለይ ይጠቃሉ? መሬቱ ትናንት እርሻ ወይም ግጦሽ ነበር። ዶዘር መጥቶ ኩይሳውን ይደረምሰዋል፤ የንግሥቲቱ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በመሬቱ ወለል አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ መንጋው ይተርፋል። ሣሩ ተነሥቷል፤ ገለባው የለም፤ ዛፉ ተቆርጧል። በምትኩ በየግቢው ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ማገር ይመታበታል፤ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ለተራበ ምስጥ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። የብሎኬት ቤት የሠራም ቢሆን አይኩራ፤ በመሠረቱ ስንጥቅ ወይም በቧንቧው ዙሪያ በተተወው ክፍተት ገብቶ የበሩን መቃን፣ ኮርኒሱንና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ያገኘዋል።

ወደ ምርመራው ልምጣ። የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴና ትዕግሥት ነው። ቤቱን በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ዙሩት፤ ዓይናችሁ ግድግዳው ከመሬት ጋር ከሚገናኝበት መስመር አይውጣ። የምትፈልጉት እንደ እርሳስ የቀጠነ ወይም እንደ ጣት የወፈረ፣ ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ነው። ማክሮተርምስ አንዳንድ ጊዜ እንጨቱን በሙሉ እንደ ምርግ በአፈር ይሸፍነዋል። ከሽፋኑ ጥቂት ፈልፍሉና ተዉት፤ በማግሥቱ ተጠግኖ ካገኛችሁት መንገዱ በሥራ ላይ ነው። ሳይጠገን ከቀረ ግን ምስጡ ሄዷል ለማለት አትቸኩሉ፤ ሌላ መንገድ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። በጭቃ ቤት ደግሞ መስመሩ በምርጉ ውስጥ ስለሚሄድ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ቤት ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ እያንዳንዱን ምሰሶ ከሥሩ ጀምሮ አንኳኩ። በአራቱ ማዕዘኖች፣ በመቃኖቹ እግርና ውኃ በሚያንጠባጥብበት በመታጠቢያው ጀርባ ቆዩ።

ሁለት ቦታዎች በተደጋጋሚ ይዘነጋሉ። አንደኛው ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተከመረ ነገር ነው፤ የማገዶ ክምር፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ፣ አፈሩ እስከ ልስኑ የደረሰ የአበባ መደብ። እነዚህ ለምስጡ ድልድይ ናቸው፤ ዓይናችንንም ይጋርዱታል። ሁለተኛው በኋላ የተጨመረ በረንዳ ወይም ሰርቪስ ከዋናው ቤት ጋር የተገጠመበት ስንጥቅ ነው። በእኔም ቤት መግቢያው በዚህ በኩል ነበር።

ስለ አሸንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣልና። ዝናብ ሲጥል ማታ ክንፍ ያለው ምስጥ ወደ መብራት ይፈላል፤ ጠዋት መስኮቱ ሥር ክንፉን እንጠርጋለን። ይህ ብቻውን ቤቱ መበላቱን አያሳይም፤ አሸኑ ከሩቅ ኩይሳ በመብራቱ ተስቦ መጥቶ ይሆናል። መብራት በጠፋበት ክፍል፣ ከወለሉ ስንጥቅ ወይም ከመቃኑ ሥር ሲወጣ ካያችሁት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ምርመራው ምስጡ የት እንደሚገባ ካሳየን በኋላ ሕክምናው ይቀላል። ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፤ አልንቀውም፤ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን በአንዳንድ የማክሮተርምስ ዝርያዎች በአንድ ኩይሳ ከአንድ በላይ ንግሥት ሊኖር ስለሚችል፣ አንዷን አግኝቶ ማቆም ሥራውን ከግማሽ መተው ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ዘይቱ ከላይ ብቻ ይይዛል፤ የተሰነጠቀው ወይም በኋላ የተቆረጠው ጫፍ ክፍት ይቀራል፤ በውስጡ ያሉት ከባድ ብረቶች ደግሞ ወደ አፈሩ፣ ከዚያም ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊዘልቁ ይችላሉ።

በኬሚካል የሚደረገው ሕክምና በትክክል ሲሠራ ግድግዳውን ሳይሆን አፈሩን ነው የሚያክመው። በመሠረቱ ዙሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፤ የተበጠበጠው መድኃኒት በየሜትሩ ርዝመት 5 ሊትር ገደማ ይፈስሳል፤ የሚመለሰውም አፈር አብሮ ይታከማል። ዋናው ነገር መስመሩ አለመቋረጡ ነው። ምስጥን የሚያባርሩ የፓይረትሮይድ ወገን መድኃኒቶች ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት ከቀረ፣ ምስጡ ገመዱን ተከትሎ ክፍተቱን ያገኘዋል። እንደ ፊፕሮኒል ያሉት ግን ምስጡ ስለማይሸሻቸው አልፎባቸው ይሄዳል፤ ወደ ጓደኞቹም ያደርሰዋል። በበርሜል የሚለካ ውኃ የሚጠይቀውን ይህን ሥራ በአንድ የጀርባ መርጫ እጨርሳለሁ የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ አመስግናችሁ ሸኙት።

የመድኃኒቱ ምርጫ ላይ ቆም እንድል ፍቀዱልኝ። ቀደም ሲል ክሎርዴንና ዲልድሪን ለምስጥ የመጨረሻ መፍትሔ ተደርገው ይታዩ ነበር። ለአሥርት ዓመታት አፈር ውስጥ መቆየታቸው እንደ ምስጋና ይቆጠርላቸው ነበር፤ በኋላ የተከለከሉትም በዚሁ ጠባያቸው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ሁለቱንም በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በእኛ ገበያ በስፋት የታወቀው ክሎርፓይሪፎስም በዚያው ጎዳና ነው የሄደው። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት የሚውልባቸውን አብዛኞቹን አገልግሎቶች ለማስቀረት የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር፤ ምክንያቱም በሕፃናት ነርቭና አእምሮ ዕድገት ላይ ያሳደረው ሥጋት ነው። የስቶክሆልም ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2025 ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር መዝግቦታል። ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይህን መርጨት ምስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት የከፋ ነው፤ ምሰሶ ይተካል።

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ሆኖም ሃይላንድ በምንለው የውኃ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ስምም መጠንም ሳይጻፍበት የሚሸጥ ነጭ ፈሳሽ በየገበያው አለ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ልጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ! በዋናው ዕቃው፣ ጽሑፉ ሳይፋቅ ካልሆነ አትግዙ።

ገና ለምትሠሩ ሰዎች የምመክረው ርካሹን መንገድ ነው። ምሰሶውን መሬት ውስጥ ከመትከል ይልቅ ከአፈሩ በላይ ከፍ ብሎ በሚታይ የኮንክሪት እግር ላይ አቁሙት፤ ምስጡ በኮንክሪቱ ላይ አፈር እየለሰነ ካልወጣ አይደርስም፤ ሲወጣ ደግሞ ታዩታላችሁ። ከተቻለ ለሥረኛው ክፍል የጽድ እምብርት ምረጡ። የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ የምትጠቀሙም ካላችሁ፣ ፍርፋሪውን ለማገዶ አታውሉት፤ ከመንከሪያዎቹ አንዱ አርሴኒክ አለበት። በሃዋይ ከ1.7 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር የተፈጨ ባዛልት ከመሠረት ሥር ያነጥፋሉ፤ ጠጠሩ ለምስጡ መንጋጋ ይከብደዋል፤ በመካከሉ ያለው ቀዳዳም ለራሱ ይጠብበታል። ባዛልት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን ልኩ የሚወሰነው በምስጡ ራስ ስፋት ስለሆነና የእኛው ማክሮተርምስ ከሃዋዩ ስለሚገዝፍ፣ በራሳችን ምስጥ ላይ መሞከር ይኖርበታል። ለማስተርስ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ።

ምሰሶውን ወደ ኋላ ረድፍ አሳልፉትና እየተቀባበላችሁ አንኳኩት። በጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉት ወታደሮች በሕይወት ስላሉ ክዳኑን አትክፈቱ፤ መንጋጋቸው ቆዳ ይበሳል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።