ለሙዚቀኛ የሚስማማ የኢንሹራንስ ዋስትና
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ሙዚቀኛ የትኛውን የኢንሹራንስ ዋስትና ይግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ እንደ ሙዚቀኛው ኑሮ ይለያያል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማሲንቆውን አንግቶ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚዘዋወረው አዝማሪ የሚያስፈልገው ዋስትና፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ኪቦርድ፣ ጊታርና ድምፅ ማጉያ ይዞ በሆቴል የሚጫወተው ባንድ ከሚያስፈልገው ጋር አንድ አይደለም። ሆኖም ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ደንብ አለ። ይኸውም በቅድሚያ ዋስትና ሊገዛለት የሚገባው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ከደረሰ ራሳችን ልንሸከመው የማንችለው ጉዳት ነው።

ይህን ደንብ በአገራችን ሰው ኑሮ ላይ እንመልከተው። የአዝማሪው ገቢ እንደ ገበሬው ገቢ ወቅት አለው። ሠርግ የሚበዛው በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በቻይናውያን ዕርዳታ የተሠራው አውራ ጎዳና ብዙ ሰው ቢያገናኝም፣ ሠርግ ያለበት ቤት ግን ዘወትር ከጎዳናው ዳር አይገኝም። ከመካነ ኢየሱስ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከወገዳ ተነሥቶ አንዱ ወደ ጉና ብርድ ይወጣል፤ ሌላው ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ በሌሊት በእግሩ ተጉዞ፣ እስኪነጋ ዘፍኖ፣ የሠራበትን ዋጋ ከሽልማት የሚያገኝ ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው ሀብት ምንድን ነው? ማሲንቆው ነውን?

ማሲንቆ ከእንጨት፣ ከቆዳና ከፈረስ ጭራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ቢሰበር ያሳዝናል፤ ነገር ግን ባለሙያው ራሱ ወይም ጎረቤቱ መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ አዝማሪው ለማሲንቆው ዓረቦን ቢከፍል ሊሸከመው ለሚችለው ጉዳት ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው። መልሶ ሊሠራው የማይችለው ክሩን የሚጫነውን ጣቱን፣ ደጋኑን የሚስበውን ክንዱንና ጉሮሮውን ነው። በጥር ወር ክንዱ የተሰበረ አዝማሪ ያጣው የአንድ ወር ደሞዝ ሳይሆን የዓመቱን እንጀራ ነው። ብዙውን ጊዜ ሚስቱ አብራው የምትዘፍን በመሆኗም አንዱ ሲታመም የሁለቱም ገቢ ይቋረጣል።

እዚህ ላይ «ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፤ ዕድር በመተማመን የቆመ ዋስትናችን ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ዳሩ ግን ዕድር በአብዛኛው የተቋቋመው ለሞት ቀን ነው። የሞተውን በክብር ይቀብራል፤ ክንዱ ተሰብሮ ስድስት ወር ለተኛው ግን ደንቡ ብዙ የሚለው የለም። ሁለተኛም፣ የዕድሩ አባላት ሁሉ የአንድ ቀበሌ ሰዎች በመሆናቸው መከራው አንድ ጊዜ በሁሉም ላይ ይወርዳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚመላለስባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ በድርቅ ዓመት ሠርጉም ይቀራል፣ የዕድሩ መዋጮም ይቸግራል። የኢንሹራንስ ጥቅሙ የአንዱን አገር ጉዳት ጉዳት ላልደረሰበት ለሌላው አገር ማካፈሉ ላይ ነው።

እንግዲህ ምርጫውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

በመጀመሪያ ደረጃ የማስቀምጠው ሕክምናን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ጎንደር የፎገራ ወረዳ አንዱ ነበር። መዋጮው በቤተሰብ ደረጃ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉት ድሆች መንግሥት ይሸፍናል። መደበኛ ደሞዝ ለሌለው ሙዚቀኛ ከዚህ የሚቀል ዋስትና የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አባልነቱ በመኖሪያ ወረዳ የተመሠረተና ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር የሚሄድ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ከወረዳው ወጥቶ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ለወራት ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ አባል፣ በሄደበት ቦታ ቢታመም ካርዱ በምን ሁኔታ እንደሚያገለግለው ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ። የምዝገባና የእድሳት ጊዜ እንዳያልፈውም ይጠንቀቅ።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው የግል አደጋ መድን ነው። ይህ ዋስትና በአደጋ ምክንያት ለሚደርስ ሞት፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳት፣ እንደ ውሉም ለጊዜያዊ ከሥራ መዋልና ለሕክምና ወጪ ይከፍላል። ለእኛ ሙያ ትልቁ ቁም ነገር በፖሊሲው ውስጥ የሚገኘው የአካል ጉዳት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለማንኛውም ሠራተኛ በአማካይ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ዐይን ወይም እግር ላጣ ሰው ከፍ ያለ መቶኛ ሲሰጥ፣ ለአንዲት ትንሽ ጣት የሚሰጠው እጅግ አነስተኛ ነው። ለጸሐፊ ወይም ለነጋዴ ይህ አይከፋም ይሆናል። የግራ እጁን ጣት ያጣ የማሲንቆ ወይም የክራር ተጫዋች ግን ሙያውን በሙሉ አጥቷል። ስለዚህ ፖሊሲው ከመፈረሙ በፊት ለጣትና ለእጅ የሚሰጠው መቶኛ ከፍ እንዲል መደራደር ይገባል፤ ተጨማሪ ዓረቦን ቢጠየቅበትም የሚያዋጣ ክፍያ ነው። ደግሞም ይህ ዋስትና የሚከፍለው ለአደጋ እንጂ ለበሽታ አይደለም። በጉሮሮ ሕመም ድምፁ የጠፋ ዘፋኝ በግል አደጋ መድን ካሣ አገኛለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ።

ሥራን በሚመለከት ጥያቄ ላይ ደግሞ እውነተኛ መልስ መስጠት ግዴታ ነው። «ሙዚቀኛ ነኝ ብል ዓረቦኑ ይጨምራል» በማለት «ገበሬ» ወይም «ነጋዴ» ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው አለ። ከ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ጀምሮ የታወቀው መሠረታዊ ደንብ ግን መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ሊሆንበት ይችላል። በሌሊት እንደምንጓዝ፣ በጭነት መኪና እንደምንሳፈር፣ እስኪነጋ እንደምንሠራ ሁሉ በግልጽ እንጻፍ።

በሆቴል ወይም በምሽት ክበብ በደሞዝ ለተቀጠሩ አባሎቻችን ደግሞ ዋስትና ከመግዛታቸው በፊት በሕግ ያላቸውን እንዲያውቁ አሳስባለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም የካሣ መብት አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግም ሠራተኛው ከደሞዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ነገር ግን በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አይሸፈንም። ከሽልማት የሚኖረው አዝማሪ ያለው በዚህ ወገን ነው። ስለዚህ በደሞዝ የሚሠራ ሰው ውሉን በጽሑፍ ሳይዝ መድረክ ላይ አይውጣ፤ የተፈረመባት አንዲት ገጽ ከብዙ ዓረቦን የምትበልጥበት ጊዜ አለና።

አሁን ወደ ባንዶች ልመለስ። ከላይ ለማሲንቆ ዓረቦን አያስፈልግም ያልሁት ደንብ፣ ለኪቦርድ፣ ለሳክስፎንና ለድምፅ ማጉያ ሲሆን ተቃራኒውን ያዛል። እነዚህ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ፣ ቢጠፉ ባንዱን የሚበትኑ ዕቃዎች ናቸው። የሚገዛው ዋስትና የቤት ውስጥ እሳትን ብቻ ሳይሆን ስርቆትን፣ በጉዞ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና በመድረክ ላይ የሚደርስ አደጋን የሚያጠቃልል መሆን አለበት። «ሌሊት በመኪና ውስጥ ጠባቂ ሳይኖረው ያደረ ዕቃ አይካስም» የሚል ሐረግ ካለ፣ ለባንድ ዋነኛው አደጋ ከዋስትናው ውጭ ቀረ ማለት ነውና ይህን ሐረግ ፈልጋችሁ አንብቡ።

የዋጋው አገማመትም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 400,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ ዓረቦን ለመቆጠብ ሲባል በ200,000 ብር ብቻ ዋስትና ቢገባለትና የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው የሚከፍለው 100,000 ብር ሳይሆን በተመጣጣኙ 50,000 ብር ነው፤ ለቀሪው ግማሽ መድን ገቢው ራሱን ዋስ እንዳደረገ ይቆጠራልና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በእጅጉ ስለጨመረ፣ የቆየ ፖሊሲ ያላቸው ባንዶች ሳያውቁት በዚህ ችግር ውስጥ ይገኙ ይሆናል። ዋጋውን በየዓመቱ እንደገና አስገምቱ፤ የእያንዳንዱን መሣሪያ መለያ ቁጥርና ደረሰኝም በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የኃላፊነት መድን ነው። ድምፅ ማጉያ በሠርገኛ ላይ ቢወድቅ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ድንኳን ቢያቃጥል፣ ዕዳው የባንዱ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑም አስቀድሞ አይታወቅም። የተከራያችሁት መኪና በሕግ የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለውና ለኪራይ ሥራ የተፈቀደ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሳፈሩ። የመኪናው መድን ቢኖርም የጫናችሁትን መሣሪያ ይሸፍናል ብላችሁ አትገምቱ።

ፖሊሲው የማይሸፍነውንም በግልጽ ልናገር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ መድረሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። መደበኛ ፖሊሲዎች በጦርነትና በሕዝባዊ ሁከት የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ የፖለቲካ ሁከት ዋስትና የሚባለው ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎበት ለብቻው የሚገዛ ነው። እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባና ድግስ ሲከለከል፣ የቀረውን ገቢ የሚተካ ዋስትና በእጁ የነበረው ሙዚቀኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚያገለግለው በጥር ከተገኘው ተቀንሶ የተቀመጠ የጋራ ተቀማጭ ነው።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ለብቻው ሊገዛው ይችላልን? አይችልም። በሌላውም ዓለም የጋራ መፍትሔ የተፈለገባቸው አገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የብሪታንያ የሙዚቀኞች ማኅበር ለአባላቱ የመሣሪያና የኃላፊነት መድንን ከአባልነት ጋር ያቀርባል። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችውና ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ በግሉ የሚሠራ ኪነ ጥበበኛ ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮው ግማሹን ብቻ እንዲከፍል፣ ቀሪውን በሥራው የሚጠቀሙ ድርጅቶችና መንግሥት እንዲሸፍኑ አድርጋለች። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. የተወረሰው የኢንሹራንስ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ለግል ባለሀብት እንደገና ከተከፈተ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጋር የሚወዳደሩ በርካታ ኩባንያዎች አሉ። ብሔራዊ ባንክም ለአነስተኛ መድን የተለየ መመሪያ አውጥቷል። ገበያው አለ፤ የጎደለው በአንድ ድምፅ የሚደራደር ገዢ ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን በስሙ የኅብረት የግል አደጋ መድን ለመግዛት ቢያንስ ከሦስት ኩባንያዎች የጽሑፍ ዋጋ ይጠይቅ፤ የእጅና የጣት ሠንጠረዥም የድርድሩ ዋነኛ ነጥብ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዓረቦን የሚከፈልበት ቀን በሠርግ ወቅት ማብቂያ፣ ገንዘብ በእጃችን ባለበት ጊዜ ይወሰን፤ ዓረቦኑ ካልተከፈለ ዋስትናው የለምና በክረምት የሚወድቅ የመክፈያ ቀን ለአዝማሪ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ፖሊሲዎች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ስለሆነ፣ ማኅበሩ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ አስተርጉሞ ለአባላት ያስነብብ። በስማዳ ቆላ ያለ አባላችን የተሸፈነለትንና ያልተሸፈነለትን ጉዳት በገዛ ቋንቋው ለይቶ ካላወቀ፣ አደጋ በደረሰበት ቀን የሚያስታውቅለትም የሚጠይቅለትም አይኖርም።

ሐሳቦቹ ተወያይታችሁባቸው ከመጪው ጥር በፊት ውሳኔ እንዲያገኙ እያሳሰብሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።