መዝገብ እስከ መቼ ይጠበቃል?



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከመሐንዲስ ይልቅ ለሕግ ዐዋቂ የሚስማማ ይመስላል። ይሁን እንጂ መዝገብ ቤቱ በተጣበበ ቁጥር «ይህ ያረጀ ንድፍ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መጥቶ የሚያርፈው በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ሳይገለጥ ይሰጣል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን አድርጎታል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም ነጋዴው የሒሳብ መዛግብቱን 10 ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዝ ነበር። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ በንግድ ሕግ የተወሰነውን ጊዜና የታክስ ማስታወቂያ ከቀረበበት ቀን የሚቆጠረውን 5 ዓመት አነጻጽሮ የሚረዝመውን ያጸናል። ከዚህም የተነሣ «10 ዓመት» የሚለው ቃል በየቢሮው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ተጠንቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንበል አንድ ድርጅት በደባርቅ ከተማ ሕንፃ ያሠራል። መሠረቱ በ2005 ተሞላ፤ የሲሚንቶውና የብረቱ ደረሰኝ፣ የኮንክሪቱም የጥንካሬ ምርመራ ውጤት በዚያው ዓመት ሒሳብ ተያያዘ። ሥራው ተጠናቆ ርክክብ የተደረገው በ2009 ነው። የሒሳብ ሹሙ ከ2005 ቆጥሮ ፋይሉን በ2015 ቢያስወግድ በእርሱ በኩል ጥፋት የለበትም። የተቋራጩ ዋስትና ግን ከርክክብ ስለሚቆጠር እስከ 2019 ይዘልቃል። በ2017 ግድግዳው ቢሰነጠቅ ባለ ሕንፃው መብት አለው፤ ማስረጃ ግን የለውም። ተቋራጩም ቢሆን ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት አይኖረውም። ሁለቱም ሕግ አክብረው ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ከዚህም በላይ ሕጉ የወሰነው ዝቅተኛውን ጊዜ ነው፤ ሥራው ግን ከሕጉ ዕድሜ ይበልጣል። የሊማሊሞን ቁልቁለት ተመልከቱ። መንገዱ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት የተቀየሰ ነው። እንዲህ ባለ ገደል ላይ የቆመ የድጋፍ ግንብ ሲናድ ንድፉ የሌለው መሐንዲስ የመሠረቱን ጥልቀት ለማወቅ መቆፈር ግድ ይሆንበታል፤ ቁፋሮው ራሱ ደግሞ የቀረውን ግንብ ያናጋል። እኔም በአንድ ወቅት የአንድን ድልድይ ንድፍ ፈልጌ፣ «ጊዜው አልፎበት ተቃጥሏል» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ድልድዩ ግን ጊዜው አላለፈበትም፤ መኪና ይመላለስበት ነበር።

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። መንገዱ የሚያቋርጠው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው። ፓርኩ በ1962 ተቋቋመ፤ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2009 ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ወሰኑ ተሻሽሏል፤ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ጉዳይም ተነሥቷል። በ2008 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የቀድሞው ወሰን የት ነበር፣ ካሣው በምን ልኬታ ተሰላ ብሎ የሚጠይቅ የልጅ ልጅ ከ10 ዓመት በኋላም ይመጣል። ለእንዲህ ያለው ሰነድ የማስወገጃ ዓመት መቁረጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልበል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽሑፉ ይጠፋል። 10 ዓመት ተጠብቆ ነጭ ሆኖ የሚገኝ ደረሰኝ ምን ይረባል? ፎቶ ኮፒ ተነሥቶ ከዋናው ጋር መያያዝ አለበት። በአሞኒያ የታተመ ንድፍም ብርሃን ይጠላል፤ የደባርቅ ክረምት ጉም ደግሞ ለየትኛውም ወረቀት አይራራም። በፍሎፒ ዲስክ የቀረውንማ የሚያነብ መሣሪያ ማግኘትም ቸግሯል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ወጪ የለበትም። በእያንዳንዱ ፋይል ሽፋን ላይ ቆጠራው የሚጀምርበት ድርጊት ይጻፍ፤ ርክክብ ከሆነ ርክክብ፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ከሆነ መዝጊያ። ርክክቡ ገና ካልተደረገ ቦታው ባዶ ይተው፤ ባዶ ቦታ ያለው ፋይል አይወገድ። የአፈር ምርመራ፣ እንደ ተሠራ የተነሣ ንድፍና የወሰን ካርታ ከሒሳቡ ፋይል ተለይተው ሥራው እስካለ ድረስ ይቀመጡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ከማስወገዱ በፊት ጉዳዩ በ1991 በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 መሠረት ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቅረብ። ሽፋኑንም መሐንዲሱ፣ የሒሳብ ሹሙና የሕግ ባለሙያው በአንድነት ይፈርሙበት።