ከኢንተርኔቱ ጀበና እስከ አደገኛው ኬሚካል
(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የክበባችሁ ተጠሪ ስትጋብዘኝ «ስለ ኤች አይ ቪ ይንገሩን» አላለችም። «እሱን ሁሌም እንሰማለን፤ እባክዎ ዘና የሚያደርግ ነገር ይዘውልን ይምጡ» ነው ያለችኝ። «እርስዎ» መባሉ ትንሽ ቢያስረጀኝም ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ኢንተርኔት ውስጥ ላንሸራሽራችሁ ነው።

በሥራዬ ከብዙ ወጣቶች ጋር እገናኛለሁ። ኢንተርኔት ሲባል ቶሎ የሚመጣላቸው ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ነው። እነሱን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ግን ከተማው ሰፊ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ አንድ ሱቅ በር ላይ ብቻ መቆም ምን ይሉታል? እስቲ ገባ ገባ እንበል። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከቡና እንጀምር። በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ የጋራ የቡና ማፍያ ነበራቸው። ችግሩ፣ ማፍያው ያለው አንድ ክፍል አጠገብ ሲሆን ሰዎቹ ግን በየፎቁ ተበታትነው ነው የሚሠሩት። ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ቡናው አልቆ ያገኙታል። በ1991 መላ ዘየዱ። ማፍያው ላይ ካሜራ ደቀኑና ምስሉ በየኮምፒዩተራቸው እንዲታይ አደረጉ። እኛ ሰፈር ቢሆን አንድ ሕፃን «ቡና ደርሷል፣ ኑ ጠጡ» ተብሎ ይላክ ነበር፤ እነሱ የሚላክ ልጅ ስላጡ ካሜራ ላኩ! በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣና ከሩቅ አገር ያለ ሰው ሁሉ የካምብሪጅ ቡና ሞላ፣ ጎደለ እያለ መመልከት ጀመረ። ካሜራው በ2001 ሲዘጋ ያ አሮጌ ማፍያ በኢንተርኔት ጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ። እንግዲህ ዛሬ ውጭ አገር ካለች አክስታችን ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር የነገሩ ቅድመ አያት አንድ የቡና ማፍያ ነው። አይገርምም?

ሁለተኛው ደግሞ የካናዳዊው የካይል ማክዶናልድ ታሪክ ነው። ይህ ወጣት በ2005 ጠረጴዛው ላይ የነበረችን አንዲት ቀይ አግራፍ በኢንተርኔት «በተሻለ ነገር የሚለውጠኝ ማነው?» አለ። በዓሣ ቅርጽ የተሠራ እስክሪብቶ ተሰጠው። እስክሪብቶውን በበር እጀታ፣ እጀታውን በምድጃ፣ ምድጃውን በጄኔሬተር ለወጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ በ14 ልውውጥ፣ በ2006 ኪፕሊንግ በምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ የአንድ ቤት ባለቤት ሆነ። ከአግራፍ ተነስቶ ቤት! ዛሬ ማታ የቤታችሁን አግራፍ ሁሉ እንዳትለቅሙ እንጂ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ይኼኛው ጠንቀቅ ብላችሁ የምትሰሙት ነው። ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ ስለሚባል ኬሚካል በኢንተርኔት የተሰራጨ ማስጠንቀቂያ አለ። ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል። በእንፋሎት መልኩ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ብረት ያዝጋል። በአሲድ ዝናብ ውስጥ አለ። በካንሰር ዕጢ ውስጥም ተገኝቷል። በ1997 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ይህንን ጽሑፍ ለ50 ተማሪዎች አስነብቦ «ምን ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ። 43ቱ «ይታገድ!» አሉ።

እናንተስ? እጃችሁን ሳታወጡ በፊት ስሙን አንድ ጊዜ ዘርዝሩት። ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን። አዎ፣ ውኃ ነው! ያ ልጅ የሳይንስ ትርኢት ሥራው ርዕስ ያደረገው ሰው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታለል የሚጠይቅ ነበር። ተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2004 በካሊፎርኒያ የአንዲት ከተማ ሹማምንት በአመራረቱ ይህ «አደገኛ ኬሚካል» የሚገባበትን የፎም ኩባያ ለማገድ አጀንዳ ይዘው ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ሰረዙት።

ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ውሸቱ የትኛው ነው? አንዱም አይደለም። ውኃ ሳንባ ከገባ ይገድላል፤ እንፋሎት ያቃጥላል፤ ዕጢም ውስጥ ውኃ አለ። ሁሉም እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ውሸት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያጠምደን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው፣ በእውነት ተጠቅልሎ የሚመጣው ውሸት ነው።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከማውቃቸው ወጣቶች አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟንም ከተማዋንም አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ይዛ ነው የተወለደችው። መድኃኒቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየቀኑ ትወስዳለች። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና «ይህን አንብቢልኝ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ጽሑፉ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ከኤች አይ ቪ እንደዳነ ይተርካል። ወረድ ሲል የአንድ ጠርሙስ ዋጋና የስልክ ቁጥር አለ። ጠርሙሱን ለሚገዛ ሰው ደግሞ «የሆስፒታሉን ክኒን ማቆም ግዴታ ነው» ይላል። ልጅቷ የሁለት ወር ገንዘብ አጠራቅማለች።

አብረን አነበብነው። ሰውየው እውነተኛ ሰው ነው። ከቫይረሱ መዳኑም እውነት ነው። ግን የዳነው በጠርሙስ አይደለም። የደም ካንሰር ስለነበረበት በርሊን ከተማ በ2007 እና በ2008 የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። የለጋሹ ሴሎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ቫይረሱን የማያስገቡ ነበሩ። ሕክምናው ራሱ ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ለኤች አይ ቪ ብቻ ተብሎ አይሰጥም። ከእሱ በኋላ በዚህ መንገድ የዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አያችሁ? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት፣ ሁለተኛውም እውነት፤ ጠርሙሱ ግን ውሸት።

ልጅቷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ውሸቱ ለምንድነው እንዲህ የሚያምረው?» አለችኝ። መልሱን እሷም ታውቀዋለች፤ የሚያምረው እኛ የምንፈልገውን ስለሚነግረን ነው። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ብታቋርጥ ኖሮ ቫይረሱ እንደገና ይራባ፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችል ነበር። ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ግን ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ በትላልቅ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። ከጠርሙሱ ይልቅ የሚያስደስተው ዜና እሱ ነው፤ ግን በጩኸት ስለማይነገር ብዙ ሰው አልሰማውም።

እናም አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዳሉት፣ ስለ ጤና የሚያወራ ገጽ ስታገኙ አራት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ የጻፈው ማነው? ስምና ሙያ አለው ወይስ «ባለሙያዎች ይላሉ» ብቻ ነው? ሁለተኛ፣ መጨረሻው ላይ የሚሸጥ ነገር አለ? ሦስተኛ፣ ያንኑ ነገር የዓለም ጤና ድርጅት ወይም ጤና ሚኒስቴር ይለዋል? አራተኛ፣ «ለሐኪም አትናገር» ወይም «መድኃኒትህን ተው» ይላል? ይህን አራተኛውን ካያችሁ ሌላውን ሳትጠይቁ ዝጉት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ባለሙያ ጠይቁ። ምስጢራችሁ ይጠበቃል።

ግን በፍርሃት አልሸኛችሁም። አንድ የመጨረሻ ነገር ላሳያችሁ። ፎልዲት የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2008 የወጣ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ፕሮቲኖችን እያጣጠፈ ትክክለኛ ቅርጻቸውን ለማግኘት ይወዳደራል። ጦጣዎች ላይ ኤድስን የመሰለ በሽታ የሚያመጣ አንድ ቫይረስ አለ። የዚህን ቫይረስ ኢንዛይም ቅርጽ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ከ10 ዓመት በላይ ደክመው አልተሳካላቸውም ነበር። ለተጫዋቾቹ ሰጧቸው። ብዙዎቹ ባዮሎጂ በወጉ ያልተማሩ ሰዎች ናቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳይንቲስቶቹን ወደ መልሱ የሚያደርስ ቅርጽ አገኙ! ውጤቱም በ2011 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ኤች አይ ቪም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት እሱን በመግታት ነው።

ወላጆቻችሁ «ጌም ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ይህንን ንገሯቸው። ፈተና ደርሶ ከሆነ ግን የእኔን ስም እንዳታነሱ!

ኢንተርኔት ላይ ጠርሙሱም አለ፣ ፎልዲትም አለ። ሁለቱን ለመለየት እናንተ ውስጥ ያለው ጠያቂ አእምሮ ይበቃል። እየሳቃችሁ ተንሸራሸሩ፤ እየጠየቃችሁ እመኑ።